የቃጠሎው ምስክሮች

መምህርቷን ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ማስረጃ» ይሏታል። አሞኝ ቀረሁ ያላትን ልጅ እንኳ «ማን አየህ? ሌላስ ምን ማስረጃ አለህ?» እያለች ታፋጥጠዋለች። ባሏ ሲያመሽ ምስክር ይዞ ነው የሚገባው እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ዓመት፣ እሷ ሳትወለድ ስለተቃጠለው የትምህርት ቤቱ አሮጌ ሕንፃ እንዲያጠኑ አዘዘቻቸው። ልጆቹ የድሮ ጋዜጣ አገኙ፤ ጡረታ የወጡትን ዘበኛም ጠየቁ። ጋዜጣው እሳቱ ጠዋት ከወጥ ቤት ተነሣ ሲል፣ ዘበኛው ከምሳ በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ነው አሉ። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንም የማያውቃት ሴት ልጆቹን አውጥታ የገባችበት ጠፋ።

«ዘበኛው ደግሞ ‘ሴትዮዋ ቁርጥ አስተማሪያችሁን’ ብለውናል» አለች ምላሰኛዋ ተማሪ።

ክፍሉ ሳቀ፤ መምህርቷም ሳቀች። «በየጠዋቱ በደጃቸው ሳልፍ ያዩኛል። የድሮው ፊት ሲደበዝዝባቸው የእኔን ለጠፉበት።»

«አይተውዎት የማያውቁ ምስክር ቢገኙስ?» አለች ተማሪዋ።

እኚያ ምስክር ያኔ ልብስ ስፌት ያስተምሩ የነበሩ፣ በጭሱ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዋ መምህርቷን ይዛት ሄደች። ሴትዮዋ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው የልብስ ቁልፍ በዳበሳ ይለያሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አለች መምህርቷ።

የአዛውንቷ ጣቶች ቀጥ አሉ። «ቆየሽ እኮ» አሉ። «እጅሽ ዳነልሽ?»

መምህርቷ ግራ እጇን ጨበጠች። መዳፏ ላይ ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣችው፣ ጠባሳ የሚመስል የተጨማደደ ቆዳ አለ። ለተማሪዎቿ አሳይታው አታውቅም።

«ስለ እጄ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? የጋለውን በር በባዶ እጅሽ ስትገፊው ሸቶኝ ነው እንጂ።»

ተማሪዋ የመምህርቷን ክንድ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

በማግስቱ መምህርቷ ሦስቱን ምስክሮች ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «በሉ አመዛዝኑ» አለች።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«በዚህ እኔ ዳኛ መሆን አልችልም።» መዳፏን ዘርግታ በየወንበሩ መካከል አለፈች። «ይሄንንም ከማስረጃው ጋር ቁጠሩት።»

ልጆቹ ደወል እስኪደወል ተከራከሩ። ምላሰኛዋ «ግጥምጥሞሽ ነው» ብላ ጻፈች፤ የቀሩት «አልታወቀም» አሉ። መምህርቷ ለሁሉም እኩል ማርክ ሰጠቻቸው።

አዛውንቷን እስኪሞቱ ድረስ እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ስለ እጇ አንዳቸውም ዳግም አላነሡም። ቃጠሎውንም ከዚያ ወዲህ ለሌላ ክፍል አልሰጠችም።