በልጄ ጨርቅ የተጠቀለለው ዱባ

እኔ እንደሆነ ሁሉም ነገር ያስጨንቀኛል። ደባርቅ ባለው ጓሮዬ ከእናቴ ዘር ወስጄ የዘራሁት ዱባ ሐረጉ አጥሩ ላይ ወጣ። ለዘር ያስቀረሁት አንድ ፍሬ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይበስል በክብደቱ እንዳይቀነጠስ ብዬ በልጄ መጠቅለያ ጨርቅ ደግፌ አጥሩ ላይ አሰርኩት።

ልጄን አዝዬ ጓሮውን ሳርም፣ ዓይናቸው የደከመ ጎረቤታችን ሽማግሌ መጡ።

«አንቺ! በዚህ ብርድ ሕፃን አጥር ላይ ይሰቀላል?» ብለው ዱባውን ከነጨርቁ አቀፉት።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ! ዱባ እኮ ነው!»

«ቢወፍርስ? ልጅ ዱባ ይባላል?» አሉና እሹሩሩ ይሉት ጀመር።

ዱባው ከሐረጉ ቀጭ ብሎ ተቀነጠሰ። እኔ ስጮህ ጀርባዬ ላይ የተኛው ልጄ ደንግጦ አለቀሰ።

አባባ ዱባውን አስታቀፉኝና፣ «ይኸው፣ አስለቀስሽው። በይ አሁን አጥቢው» አሉኝ።