ቡልቶ ገባ

ባለፈው ሳምንት ራዲዮ ላይ አንድ ምሁር ስለ ባንቱ ቋንቋዎች ግሶች ሲያብራሩ ሰማሁ። የቀረበውን ምሳ ትቼ እስኪጨርሱ አዳመጥኩ። ካማው ትዝ አለኝ።

ካማው ኬንያዊ ነበር፤ እኔ አሰላ ላይ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ደብተሩ ከእጁ አይለይም፤ የሰማውን ቃል ሁሉ ይጽፋል።

ጥቅምት ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ገብሱ ቢጫ መሆን የጀመረበት ጊዜ። ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ የዓለም ካርታ ሉል ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰብሮ ተገኘ። ዳይሬክተሩ ዘበኛውን ኦቦ ገመዳን ጠርተው «ምን አዩ?» አሏቸው። ኦቦ ገመዳ አማርኛ ስለማይደፍሩ በኦሮምኛ «ቡልቶን ሴኔ» ሲሉ፣ እኔ ፈጠን ብዬ «የገባው ቡልቶ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ዳይሬክተሩ «በቃ!» አሉ። ከጎበሳ መጥቶ ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ቡልቶ በማግስቱ ተባረረ።

ከሳምንት በኋላ ከካማው ጋር ደጃፍ ላይ ቆሎ እየቆረጠምን ስለ ቋንቋው አጫወተኝ። ከባንቱ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኪኩዩ «ኒ» የምትባል ትንሽ ቃል አለች አለ። ግስ ላይ ስትለጠፍ ሌላ፣ ከስም ፊት ስትቆም ሌላ ናት፤ ከስም ፊት ከቆመች «እሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ማለት ይሆናል፤ ግሱም መልኩን ይለውጣል።

«በኦሮምኛስ እንዴት ትላላችሁ?» አለኝ።

«ቀላል ነው። ቡልቶን ሴኔ፣ ቡልቶ ገባ። ቡልቶቱ ሴኔ፣ የገባው ቡልቶ...»

ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ኦቦ ገመዳ «ቱ» አላሉም ነበር።

ሮጬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከኋላው ሌሎችም ገብተዋል» አሉኝ። «ልቀጥል ስል በቃ ተባልኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ፊት ቆምኩ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ሉሉን አንቺ ሰበርሽው?»

«አይደለም። ቃሉን ነው የሰበርኩት።»

ብዙ ተቆጡ። ግን ቡልቶ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ሄጄ ማምጣቱም የእኔ ሆነ።

ቅዳሜ ከኦቦ ገመዳ ጋር፣ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ግማሹን በበቅሎ፣ ጎበሳ ደረስን። የቡልቶ አባት ጭኮ አቀረቡልን፤ ቅቤው ጣቴ ላይ እየቀለጠ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። የተናገረው ቡልቶ ነው።

«መምህርት፣ ኦሮምኛ ያውቃሉ። እኔን ለምን አልጠየቁኝም?»

ሰኞ ክፍል ገባ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን ለጥያቄዬ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ሉሉን ማን እንደሰበረው ሳይታወቅ ቀረ። ካማውም በዓመቱ አገሩ ገባ። እኔ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፤ ጥፋተኛ ነው የተባለ ተማሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ አስቀምጬ እሱን እጠይቀዋለሁ። ሰዎች ትዕግሥተኛ ነሽ ይሉኛል። ትዕግሥት ግን አይደለም፤ ፍርሃት ነው።