ሆመቾ ላይ ሶሌታው ሳይሞላ

ጎህ ሲቀድ፣ ዱራሜ

ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ፤ ካልሞላሁ አልሄድም ብሎ ቆሟል። ትናንት እዚህ ለመሐንዲሶች ሥልጠና ስሰጥ ዋልኩ። ሕንፃ ሁሉ በኮምፒውተር ሞዴል ይነደፍ፣ ቢሮውም ሳይቱም አንድ ሞዴል ላይ ይሥሩ የሚለው አሠራር አገር አቀፍ ሊሆን ነው። እኔም እሱን እየሰበክሁ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ።

ማታ ቴሌግራም ስከፍት ታምራት ፎቶ ልኮልኛል። ታምራት ቢሯችን የሚቆጣጠረው የሆመቾ ጤና ጣቢያ ግንባታ የሳይት መሐንዲስ ነው። "ፌሮው ታስሮ አልቋል፤ ነገ ጠዋት የጣሪያውን ሶሌታ አርማታ እንሞላለን" ይላል። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ክው አልኩ። የውሃ ሮቶው ጣሪያው ላይ እንዲቀመጥ ከተወሰነ በኋላ ከሥሩ ያለው ተሸካሚ አግዳሚ፣ ቢሙ፣ ፌሮ ብረት ተጨምሮበታል፤ ሞዴሉ ላይ ከተስተካከለም ሰነባብቷል። ፎቶው ላይ የታሰረው ግን የድሮው ነው። "እንዳትሞሉ!" ብዬ ጻፍኩ። አላነበበውም። ደወልኩ፤ የሆመቾ ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፍቷል።

"ስንት ሰው ቀረህ?" አልኩት ሾፌሩን።

"ሦስት፣ እህቴ።"

"የሦስቱን እኔ እከፍላለሁ። ንዳ!"

በመስታወቱ አየኝ። "ለቅሶ ነው እንዴ?"

"ለቅሶ እንዳይሆን ነው።"

ሞተሩን አስነስቶ ነዳ።

አንጋጫ

ጭጋግ፣ እንሰት፣ የባህር ዛፍ አጥር፣ ነጠላ የደረቡ ሴቶች። ሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱን ከፍቼ ፎቶ አነሳ ነበር። አንዲት እናት ሁለት ጆንያ ድንች ልታስጭን አስቁማ ከረዳቱ ጋር ስትከራከር ጥፍሬን እየበላሁ ቆየሁ። በመጨረሻ እኔው ወርጄ አንዱን ጆንያ ከእሷ ጋር አነሳሁ። ለደግነት እንዳይመስላችሁ፣ ቶሎ እንድንሄድ ነው።

ረፋድ፣ ሆሳዕና

መናኸሪያው ባጃጅና ጭቃ ብቻ ነው። ከሱቅ ደጃፍ አንድ ሳምቡሳ ገዝቼ ሳልቀምሰው ጨውና ሳሙና የጫነ የሆመቾ አይሱዙ አገኘሁና ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየቆመ ሰላም ይላል።

"ለጤና ጣቢያው ነው የምትሄጂው? ዛሬ እኮ ድግስ ነው። ሌሊት ከዚያ ስወጣ በግ ሲነዱ አይቻለሁ። ፓስተሩ ከጸለዩ በኋላ ነው የሚሞሉት።"

የሶሌታ ቀን በግ ይታረዳል፣ የሠፈሩ ሰው ይጠራል። በግ የታረደበትን ሥራ ማስቆም ሠርግ እንደ ማስቆም ነው።

"ጸሎቱ ረጅም ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "እንደ ፓስተሩ ነው።" ጸሎት ይርዘም ብዬ ስመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ሆመቾ

ከሩቅ የሰማሁት የአርማታ ማቡኪያው ሚክሰር ድምፅ ነው። ጸሎቱ አልቋል።

መሰላሉን በሩጫ ወጣሁ። የመጀመሪያው አርማታ በጋሪ እየመጣ ነው። "አቁሙ!" አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ሄጄ ከሮቶው ሥር የሚውለው ቢም ፌሮ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሪው እግሬ ሥር ሲደርስ ቆመ።

ታምራት እየሮጠ መጣ። ታብሌቴን ከፍቼ ሞዴሉን አሳየሁት። አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። ግን ከብብቱ የተጠቀለለ ፕላን አወጣ።

"እኔ የሠራሁት በዚህ ነው፣ ኢንጂነር። ማህተም አለው። ያሳዩኝ ማህተም የለውም።"

"ሞዴል ላይ እንዴት ማህተም ይመታል?" ጮህኩበት።

"ነገ እኔ የምጠየቀው ታዲያ በየትኛው ነው?"

ስንት ከተማ ስናገር ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላሰብኩትም። ተናደድኩ፤ በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኤርሱሞ በዝግታ መሰላሉን ወጡ። በሰላምታ ፋንታ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሥራ ከቆመ ክረምት ይገባል" አሉኝ። "ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን ምራቴን በቃሬዛ ተሸክመን ነው መኪና ያለበት ያደረስናት። ሕፃኑ አልተረፈም።"

"አባቴ፣ ዛሬ ከሞላነው ሮቶው ውሃ ሲይዝ ይሄ ቢም አይችለውም። ከሥሩ ያለው ማዋለጃው ነው።"

ወደ ታች፣ በቋሚ እንጨት ወደተሞላው ክፍል፣ ጎንበስ ብለው አዩ። ታምራት ፕላኑን ዘርግቶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ቢሙ ላይ "ይቁም" ብዬ ጻፍኩ፣ ስሜን፣ ፊርማዬን።

አቶ ኤርሱሞ ለሠራተኞቹ በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሚክሰሩ ጠፋ። የተቦካው አርማታ እንዳይባክን በሩ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ መረገጫ ሆኖ ፈሰሰ።

በጉ ግን ታርዷልና ተበላ። አይሱዙው ተጨማሪውን ፌሮ ከሆሳዕና እስኪያመጣ ቆጮና ሥጋ ይዘን ግንቡ ሥር ተቀመጥን። ድንገት የታምራት ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ኔትወርክ መጣ። አውጥቶ አነበበ፣ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

"እንዳትሞሉ" አለ፣ ጮክ ብሎ። የማታው መልእክቴ ነው።

ወደ ላይ፣ ወደ ሶሌታው አየና ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ ይሄን ልከው ዱራሜ ቢቀሩ ኖሮስ?"