ቀዩ ቀዳዳ

ሰፈሩ ባለካስኳ ነበር የሚላት። ካስክ ያ ሴቶች ጭንቅላታችንን ከተን ፀጉራችን እስኪደርቅ የምንጠበስበት ቆብ ነው። እሷ ያላት አንድ ነው፤ አሮጌ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ፀጉር የምትሠራው በቤቷ ፊተኛ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ባሏ።

ባሏን ጡሩምባ እንለው ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የመኪናው ጡሩምባ ሲበላሽበት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በገዛ ጉሮሮው መንገድ የሚያስለቅቅ። ሐሜት እንኳ አይሆንለትም፤ የሚታማው ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። በኋላ ሳንባው ተበላሸ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ አፍንጫው ውስጥ የሚነፋ መሣሪያ አልጋው ሥር ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ኩፍ፣ ኩፍ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጥግ ላይ የቆመች ትንሽ ሲሊንደር አለች፤ እሷ ግን ቶሎ ነው የምታልቀው። ጡሩምባ ሰው ሲፈልግ በጣት ቀለበቱ የአልጋውን ብረት ይመታል። ቋ፣ ቋ።

ግድግዳው ላይ ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ነው። አከራዩን ጨምርልኝ ብትለው፣ "ግድግዳዬን ወንፊት ላደርገው ነው?" አላት። ስለዚህ ካስኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የባሏ ትንፋሽም በአንድ ዲቫይደር ላይ ተንጠልጥለው ነበር የሚኖሩት። እሱም አንድ ቀን ሸተተና ቀለጠ።

ሌላ ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ባለሱቁ አፉ ቅቤ ነው። አንዱን ወፍራም ነጭ ዲቫይደር በክርኑ ገፋ አደረገና፣ "እህቴ፣ ይሄን ተይው፣ ደንቆሮ ነው" አላት። ከዚያ ሰማያዊ መብራት ያለው ጥቁር ዕቃ እንደ ሙሽራ ይዞ ወጣ። "ይሄ ስማርት ነው። ራሱ ያስባል። የማያስፈልግሽን ራሱ ያጠፋልሻል። እዪው ደግሞ፤ ዩኤስቢ፣ ዩኤስቢ፣ ዩኤስቢ፣ ዩኤስቢ። ቻርጀር ፍለጋ ቀረ።"

ከቀዳዳዎቹ አንዱ ቀይ ነው። "ቀዩስ?" አለችው።

"እሱ ዋናው ነው" አለ፣ ፊቱን ወደ ሌላ ገዢ እያዞረ።

ዋናው ምኑ ነው ያለ የለም። እሷ ደንቆሮውን አንስታ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ደግሞ አነሳችው። ልቧ እሱ ላይ ነበር። ግን ከታች መንገድ የተከፈተው አዲስ ፀጉር ቤት የደንበኛ ስልክ በነፃ ቻርጅ ያደርጋል፤ የሷም ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደዚያ ማዝገም ጀምረዋል። ደንበኛ ካልመጣ መብራቱ ይቆረጣል፤ መብራቱ ከተቆረጠ ጡሩምባ አለቀለት። ስማርቱን አስጠቀለለች።

ጡሩምባ ዕቃውን በዓይኑ መዘነና፣ "ራሱ… የሚያስብ ከሆነ…" ብሎ ትንሽ ተነፈሰ፤ "እኔ… ልረፍ" አለ። የቴሌቪዥኑ ገመድ አጭር ስለሆነ የደረሰው ቀዩ ጋ ነው፤ እዚያ ሰካችው። ካስኩና መሣሪያው ከጎን ገቡ። በሳምንቱ ሴቶቹ ስልካቸውን እያንጠለጠሉ ተመለሱ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፤ እርጥብ ራስ ንፋስ አይወድማ። ቴሌቪዥኑ ድራማ ያሳያል፤ ከድራማው የባሰ ወሬ የያዘች አንዲት ወፍራም ደንበኛ ደግሞ እጇን እያራገበች ገባች። "ዝም አሰኚልኝ እስቲ ያን ነገር፣ ይሄን ሳትሰሙ እንዳትሞቱ" አለች። ባለካስኳ ሪሞቱን ጫን አደረገች። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ካስኩም እያቃሰተ ቆመ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ኩፍ ኩፉም ቀረ።

"ሄደች" አልን በአንድ አፍ። መብራት ሲሄድ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

ባለካስኳ ሮጣ ቱቦውን ሲሊንደሯ ላይ ቀየረችና ተመለሰች። ወሬው የአንድ ሠርግ ነበር፤ ቀጠለ። ወፍራሟ የሙሽራይቱን እናት ድምፅ አውጥታ፣ "ልጄን እኮ የሰጠሁት ለቤት እንጂ ለጋራዥ አይደለም" ስትል ሆዳችንን ይዘን ቀረን።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ይመጣል የኔ ጌታ፣ ትንሽ ታገሥ" አለችው ከዚህ ሆና።

ቋ፣ ቋ።

"ምን አስቸኮለው?" አለች አንዷ። "እኛስ ጭንቅላታችን ረጥቦ ተቀምጠን የለ?"

ሳቅን። ቋቋታው ዘገየ። ወሬው ከሙሽራይቱ እናት ወደ አክስቷ ተሻገረ። ቆይቶ አንዷ እግሯን ልታፍታታ ወጣ አለችና ግራ እንደገባት ተመለሰች። "ማዶ ልብስ ሰፊዋ ቤት እኮ መብራት አለ። እየተኮሰች ነው።"

ባለካስኳ የያዘችውን ማበጠሪያ አላስቀመጠችም፤ ከእጇ ወደቀ። መጋረጃውን ስትገልጥ ሁላችንም አየነው። ሲሊንደሯ አልቃለች። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ቀለበቱ ብረቱ ላይ እንዳረፈ ነው፣ ፊቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል። በመስኮቱ ማዶ የልብስ ሰፊዋ አምፖል ቦግ ብሏል፣ ከካውያዋ እንፋሎት ይወጣል። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ እያየው ነው የቆየው። ሊነግረን ነበር።

ዲቫይደሩንም የመሣሪያውንም ሶኬት ነቅላ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ሰካችው። ኩፍ አለ። ነፍሱ ተመለሰች፤ ሁሉ ነገሩ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም፤ ቀለበቱንም የሚያነሳ ጉልበት አጣ።

በማግስቱ የድሮ ረዳቱ መጣ፤ አሁን ኤሌክትሪሻን ሆኗል። ዲቫይደሩን ገለበጠ፣ ቴሌቪዥኑን አብርቶ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ። "እትዬ፣ ቀዩ ላይ ያለው ሲጠፋ የቀሩትን ይዟቸው ነው የሚጠፋው" አለ ቀስ ብሎ። "ወርውሪው ልበልሽ?"

"ደንበኞቼን የመለሰልኝ እሱ ነው" አለች። "ምን በልቼ ልወርውረው?"

እሱም መሣሪያውን ቀዩ ላይ ሰካው፤ ቴሌቪዥኑንና ካስኩን ከጎን። "እንግዲህ ይሄ እስከሠራ ሁሉም ይሠራል" አላት።

ወሬው በልብስ ሰፊዋ በኩል ወጥቶ ሰፈሩን ዞረ። ባለካስኳ የሚለው ስም ቀረና ሪሞት ተባለች። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን ሪሞት እንላታለን፣ እሷ በሌለችበት። እሷ በሩን መዝጋት ተወች። መብራት ሄደ ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ታያለች፣ ቀጥሎ ነው ወደ መጋረጃው የምትሮጠው። እኛንም አስለመደችን።

ዝናቡ ሳያባራ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ እንደወትሮው ሙሉ ነበር። አንዲት ልጅ ቢጎዲን ተጠቅልሎላት ካስክ ሥር ናት፣ ስልኮቹ ሰማያዊው መብራት አጠገብ ተኮልኩለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል። ባለካስኳ ለባሏ ውኃ ልትሰጥ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ቆየች። መሣሪያው ኩፍ፣ ኩፍ ይላል። ብርጭቆ ብረት ላይ ሲቀመጥ ሰማን። ቱቦውን ይሁን ትራሱን እንጃ፣ የሆነ ነገር ስታስተካክል ሰማን። ደግሞ ቆየች።

ከዚያ የመሣሪያው ማጥፊያ ቀጭ አለ።

ኩፍ ኩፉ ቆመ። ቴሌቪዥኑ በቃሉ መሐል ጠፋ። ካስኩ እያቃሰተ ዝም አለ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አለች ልጅቷ ከቆቡ ሥር።

ሁላችንም በተከፈተው በር ወደ ማዶ አየን። ልብስ ሰፊዋ አምፖሏ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ወፍራሟ ደንበኛ ተነስታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።