ጨፌው እንዲያርፍ የወሰንንበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት እማማ ዘሃራ ረግረጉ ዳር ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስብሰባው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

ቦታው ኮምቦልቻ፣ ከሰፈራችን በታች ያለው ጨፌ ነው። ከላይ በቦይ የሚወርደው ቀለም ያለው ፍሳሽ ካበላሸው ቆይቷል። የተሰበሰብነው እንዴት እናድነው ብለን ለመወሰን ነበር።

ፕላን ይዞልን የመጣው ወጣት መሐንዲስ ጭቃውን በማሽን አውጥተን አዲስ አፈር እንሙላበት አለ። ፕላኑ ያምራል፤ አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተስሎበታል። (እንቁራሪት ግን አላየሁበትም።)

እማማ ዘሃራ በልጅነታቸው እዚህ ቄጠማ ያጭዱ ነበር። መሐንዲሱ በትህትና "እማማ፣ ምን እየታየዎት ነው?" አላቸው።

"ውሃው። ሰማዩ ወርዶበት፣ ወፎቹ ደመና ላይ የሚራመዱ ይመስሉን ነበር" አሉ። "ልጄ፣ መጀመሪያ የሚመርዘውን አስቁሙልን። ከዚያ ተዉት፣ ይረፍ። ቄጠማው ራሱ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።"

"ከብቶቻችንስ የት ይግጡ?" አለ አንድ ጎረቤታችን።

"እኔ ላሜን ከነገ ጀምሮ ቤት አስሬ እቀልባታለሁ፣ ወላሂ!" አሉ እማማ ዘሃራ።

ያለቻቸው እሷው አንዲት ላም ናት። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ቦዩ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ እንዲዞር፣ ጨፌው ታጥሮ ሁለት ክረምት ሰውም ከብትም እንዳይገባበት ወሰንን። መሐንዲሱም እጁን አወጣ።

ስብሰባው አልቆ እንኳ አልተበተንም። ከደሴ በኩል የሚወርደውን ጭጋግ እያየን፣ የትኛው ወፍ የት እንደሚያርፍ ስናወራ ቆየን።

እናንተስ በልጅነታችሁ የምታውቁት፣ አሁን የተበላሸ ውሃ አለ? ምን ይመስል እንደነበር ጻፉልኝ፤ ለእማማ ዘሃራ አነብላቸዋለሁ።