ጠበል የተረጨው ኬ-ፎር

የእኅቴ ባል ጋሽ ወልደአምላክ ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ዊተን ያለው ቤቱ ቤዝመንት ይወርድና ከባቡሩ ጋር ይጣላል። ባቡር ስል ክንድ የማይሞላ ሞዴል ነው፤ ጌይተርስበርግ ውስጥ ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው አውጥቶ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል ላይ ተሰባብሮ ያገኘው። ኬ-ፎር ይባላል። ዋናው ኬ-ፎር የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከዚሁ ከዋሽንግተን ተሳፋሪ ይዞ በእንፋሎት ሲከንፍ የኖረ ፈጣን ባቡር ነው፤ ትልቁ መንኮራኩሩ ብቻውን ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም። ጋሽ ወልደአምላክ ቤት እራት የበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ይኸው ፈጣን ባቡር አይሄድም። ትንሽ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ክለብ አለ፤ አባል መሆን የፈለገ ሰው ባቡሩን በአዳራሹ ሐዲድ ላይ አንድ ዙር ሳይቆም ማስኬድ አለበት። ባለፈው ዓመት የጋሽ ወልደአምላክ ባቡር መታጠፊያው ላይ ተገትሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከቤዝመንቱ የሚሰማው እርግማን ብቻ ነው። እኅቴ ዘነበወርቅ ባቡሩን «ጣውንቴ» ነው የምትለው፤ አልፈርድባትም።

የዘንድሮው ፈተና ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ዕለት ቤታቸው ስደርስ ጋሽ ወልደአምላክ ከሥራ መግባቱ ነው። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለመለኮት ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ኖሮ፣ ድምፃቸው ከታች ይሰማል። ጃኬቱን ሳያወልቅ ደረጃውን ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ባቡሩ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሽቦው ተዘርግፎ ተቀምጧል።

«አባ፣ ይቺንማ ጠንከር አድርገው ይርጩልኝ» ትላለች እኅቴ። «አልሄድ ብላው አሳበደችው እኮ! የያዛት ነገር ካለ ይልቀቃት።»

አባም አልሰሰቱም። ከጆጉ በእፍኛቸው እየጨለፉ ባቡሩን አራሱት።

ሰው በዚህ ምን ይላል? በጠበል ይቆጣል? ጋሽ ወልደአምላክ ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» አለ።

«አይዞህ ልጄ፣ ይሄድልሃል» አሉት።

አባ እንደወጡ የእኅቴን ፀጉር ማድረቂያ አምጥቶ ባቡሩ ላይ ሲያስጮኽ አመሸ። ለእሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ ዝምታ ያናድደኛል፤ ተሳድቦ ቢገላገል ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። እኅቴ አሌክሳንድሪያ ድረስ አብራው ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ የጠበሉን ሥራ ልታይ። ተራው ሲደርስ ባቡሩ አንዴ ነጠር አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አበቃ። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ከሐዲዱ አንሥተው አስረከቡትና ለከርሞ ሲሉ «ኔክስት ይር» አሉት።

ስንመለስ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ በመኪና ተዘጋግቷል። እኔ ከኋላ የባቡሩን ሳጥን ታቅፌያለሁ።

«ተወው በቃ» አለችው እኅቴ። «ድሮስ መቼ ይሄድ ነበር?»

ይሄኔ ፈነዳ። መሪውን በመዳፉ መታው።

«ይሄድ ነበር! ሐሙስ ዕለት ሄዷል! ጠረጴዛውን ስንቴ ዞረው መሰለሽ! ዘይት ልቀባው ብዬ ብከፍተው መጥታችሁ ውኃ ደፋችሁበት፣ ሾርት አደረገ! ማን ለመነሽ?»

እኅቴ ወደ እሱ ዞረች። መልስ ትመልሳለች ብዬ ነበር፤ ሁሌም መልስ አታጣም።

«ሄዶ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴታ!»

«ሐሙስ ላይ ቤት ነበርኩ እኮ። ሲበላሽ ሁሌ እሰማለሁ። ሲሄድ ለምን አልጠራኸኝም?»

ከፊታችን ያሉት መኪናዎች ተንቀሳቅሰዋል፤ ከኋላችን ጥሩምባ ይነፋብናል። ጋሽ ወልደአምላክ ግን ፍሬኑን እንደረገጠ እሷን ያያል።