ሙሾዬን የበላው ንግግር

ከወሎ የወጣሁባት ሌሊት እንዲህ ናት። የእርዳታ ስንዴ ይታደላል ተብሎ ነበርና ዶሮ ሳይጮኽ ተነሣሁ፤ ባዶ ስልቻዬን አጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። እናቴ በተኛችበት «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ፣ ስንዴ ልቀበል ነው፤ ለምሳ እደርሳለሁ» አልኋት። ስንዴው የሚታደልበት ቦታ ካሚዮን ቆሟል። የደርግ ካድሬ «ካሚዮኑ ላይ ውጣ!» አለኝ። «ኧረ ስልቻዬ ባዶ ነው!» ስለው፣ «እዚያ ይሞላልሃል» አለ። እዚያ ያለው ለካ አሶሳን ኖሯል። ለምሳ እደርሳለሁ ያልሁት ሰውዬ ይኸው ጥርሴ ረግፎ አለሁ፤ ምሳው ገና ነው።

ይህን የምጽፈው ወሎ ለቀራችሁትና እንደኔ ተጭናችሁ ለመጣችሁት ነው። ፊደል የቆጠርሁት እዚሁ ሰፈራ ጣቢያ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከተሳሳትሁ ያስተማረኝን መንግሥት ውቀሱት።

አሶሳ ክፉ አገር አይደለም። መጀመሪያ ወባው ፈጀን እንጂ። ሣሩ ከሰው ይረዝማል። ወሎ ሰው የወደቀ ፍሬ ቢያገኝ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ እዚህ ማንጎ እየረገጥህ ታልፋለህ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያስለመደኝ ጎረቤቴ ሐሚድ ነው፣ የበርታ ሰው። ባሚያው ሲዝለገለግ አይቼ መጀመሪያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የዋጥሁት። አሁን ሁለት ቀን ካጣሁት ይከፋኛል።

የእናቴ መርዶ የደረሰኝ ከሞተች ከዓመት በኋላ ነው። ሙሾ አወጣሁላት፤ ግን አላወረድሁትም። በእኛ ዘንድ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ብቻውን ሙሾ የሚያወርድ ሰው እብድ ነው። እህቴ ፋጡማ ወሎ ቀርታለች። በደወልሁ ቁጥር ሰላምታዋ «ስንዴውን ተቀበልህ?» ነው። እናታችን እስክትሞት ድረስ የምሳ ድርሻዬን ከድና ታስቀምጥልኝ ነበር አሉ፤ ፋጡማ ይህን ይቅር አላለችኝም። ያን ሙሾ አንዴ ብትሰማው ትታረቀኛለች እያልሁ ነው ያረጀሁት።

ዘንድሮ ተከራዬ መምህርት ጸሐይ ከጓደኞቿ ጋር የግጥምና የወግ መጽሔት አዘጋጀች። የሺናሻ ልጅ ናት፤ ከድባጤ በግርግሩ ጊዜ ያለ ስንብት የወጣች ናትና የኔ ነገር አይጠፋትም። «ምረቃው ላይ ገጣሚዎች ያነባሉ፤ አባባ ሰይድ፣ እርስዎም የእናትዎን ያቅርቡ። መጽሔቱም ላይ ይታተማል» አለችኝ።

«ኅትመቱ ምን ያደርግልኛል? ፋጡማ እንደሁ አታነብም!»

«በስልክ ትስማዋ።»

ይኸው ነገር ልቤን ሰቀለው። አዳራሽ ለመለመን አብሬያት ባህል ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሣ፣

«የመጽሔቱ ፈቃድ የታለ?» አለ።

«ፈቃድ የሚሰጠው ከተመረቀ በኋላ ነው ተብለናል» አለች ጸሐይ።

«ፈቃድ የሌለው መጽሔት በመንግሥት አዳራሽ አይመረቅም።»

«ካልተመረቀ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ምረቃ የለም። ታዲያ ከሰማይ ይውረድ?» አልሁ እኔ።

«እርስዎ ማን ነዎት አባባ?»

«አከራይዋ።»

«ግቢ አለዎት?»

«አለኝ፤ ማንጎ ዛፍም አለው።»

«እንግዲያው እዚያ ይሁን። የመክፈቻ ንግግሩን እኔ አደርጋለሁ። አምስት ደቂቃ።»

ከሐሚድ ጋር የቀርከሃ አግዳሚ ሠራን። ከዚያ የሰፈራ ጓደኞቼን በሙሉ ጠራሁ፤ በደቦም በሠርግም በመቀበል የሚታወቀውን አያ ይመርን ከፊት አስቀመጥሁ። «ግጥም ነው የሚባለው። የሚባለውን ሁሉ ተቀበሉ፤ ማንም አፍሮ አይውረድ» አልኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥሩ አድርጌ አዝዤ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሞላ። ለፋጡማ ደወልሁ። «ዝም ብለሽ አድምጪ» አልሁና ሞባይሉን ስፒከሩ አጠገብ አኖርሁት። ኃላፊው ማይኩን ያዘ።

«የተከበራችሁ እንግዶች!»

«የተከበራችሁ እንግዶች!» አለ አያ ይመር ከነጓደኞቹ፣ በጭብጨባ።

ሰውዬው ደንግጦ ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም የለም።

«ሥነ ጽሑፍ የልማት መሣሪያ ነው!»

«መሣሪያ ነው! እሰይ!» ሴቶቹ እልል አሉ።

እንዲህ የተቀበለው ሕዝብ በዕድሜው አላየም መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከልቡ ይናገር ጀመር። ከሥነ ጽሑፍ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ማዳበሪያ ሄደ። ለአያ ይመር ተው ብዬ እጄን ባወዛውዝለት፣ ድምፅ ጨምር ያልሁት መስሎት ጉሮሮውን ጠራረገ። ሐሚድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ወላሂ። ግን በጣም ረጅም ነው» አለኝ።

ሲጨርስ ሰማዩ ጠቁሯል። የመጀመሪያው ገጣሚ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ፣ አንድ መስመር ሳያነብ ተቀበሉት።

«እባካችሁ፣ ዝም በሉልኝ!» አለ።

«ዝም በሉልኝ!» አለ ግቢው ሁሉ።

«ኧረ ዘመናዊ ግጥም ነው!»

«ዘመናዊ ግጥም ነው! እሰይ!»

ጸሐይ በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆና ፊቷን በመጽሔቱ ሸፈነች። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ፣ የአሶሳ ዝናብ፣ በባልዲ የሚደፋ። ሰው አግዳሚውን በአናቱ ተሸክሞ ተበተነ። ሞባይሉን ብድግ ባደርገው ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ተራዬ አልደረሰኝም።

በማግስቱ ደወልሁ።

«አንተ፣ ተሾምህ እንዴ?» አለች ፋጡማ።

«ማን አለሽ?»

«ሰማሁህ እኮ! ስለ ማዳበሪያ ስትናገር ሕዝቡ እልል ሲልልህ። ድምፅህ ወፍሯል። እኛም ጋ ማዳበሪያው አልደረሰም፣ እስቲ ንገርልን።»

«እኔ አይደለሁም፣ ፋጤ። ሹሙ ነው። የኔማ የእናታችን ሙሾ ነበር።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በል እስቲ» አለችኝ። ማንጎው ሥር ብቻዬን ቆሜ አወረድሁት፤

«ስንዴ ላመጣልሽ በማለዳ ወጥቼ፣
አፈር ሳላለብስሽ ቀረሁ ቆላ ገብቼ።»

የተቀበለኝ የለም። እሷ ዘንድ አንድ ዶሮ ሲጮኽ ሰማሁ፣ የወሎ ዶሮ። ወደሚቀጥለው ስንኝ ልሻገር ስል፣

«ተው፣ ይብቃህ» አለች። «ሙሾ በስልክ አይወርድም። መቃብሯ እዚህ ነው፣ ተቀባዮቹም እዚህ ነን። መጥተህ በል።»

«መንገዱ ሰላም ሲሆን...»

«ስትሄድስ መንገዱን ማን ጠየቀ?»

አሶሳ ልጅ ወልጃለሁ፣ ልጅ ቀብሬአለሁ፤ ይህን በስልክ ምን ብዬ ላስረዳት?

«እሺ፣ ማሽላው ይግባና» አልኋት።

ስለ ስንዴው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችም።

«ለምሳ ትደርሳለህ?» አለችኝ።

ስልኩን አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም።